በቁም የተነበበ የሕይወት ታሪክ

በእኛ ከተማ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ይህን የምለው በማስረጃ ነው። ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ተቀምጬ የሟቾቻችንን የሕይወት ታሪክ ስተይብ ዓመታት አልፈዋል። ሁሉም ሰው አክባሪ፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ፣ ሁሉም እግዚአብሔርን ፈሪ ነበሩ። ሚስቱን ሲያንገላታ የኖረውም፣ የጎረቤቱን ድንበር ሲገፋ ያረጀውም፣ እኔ ቤት ከደረሰ በኋላ ደግ ይሆናል። ክፉዎቹ የት እየሄዱ እንደሚሞቱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እነዚህን ደጎች የሚጽፉልን መምህር አሻግሬ ናቸው። እኔን አማርኛ አስተምረውኛል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ የከተማው ለቅሶ ሁሉ የእሳቸው ሆነ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መጀመሪያ ለቄሱ፣ ቀጥሎ ለእድሩ፣ ቀጥሎ ለእሳቸው ይነግራል። እሳቸውም የሟቹን ልጆች ጥቂት ነገር ጠይቀው ወደ እኔ ይመጡና ከወንበሬ ጀርባ ቆመው ያስጽፉኛል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው በጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ተወለዱ…» ከዚያ በኋላ ያለውን ሳይነግሩኝ እጨርሰዋለሁ። ኋላማ ልፋት ለመቀነስ ብዬ አንዱን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጥኩና ስምና ቀበሌ ብቻ እለውጥ ጀመር። ጸሎተ ፍትሐቱ ሲያበቃ ወረቀቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይነበባል። የመምህር ድምፅ ወፍራም ነው፤ ሲያነቡ ያላለቀሰ ሰው አይቀርም።

መምህር ግን የሚመኙት ሌላ ነበር። መጽሐፍ መጻፍ ነው የሚፈልጉት፤ ልብ ወለድ። ገና ሲያስተምሩ ጀምረውታል። ምዕራፍ አንድን ደጋግሜ ተይቤላቸዋለሁ፤ ምዕራፍ ሁለት የሚባል ግን አይቼ አላውቅም። ታሪኩ በየዳ ወረዳ ውስጥ ስለሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ታላቁ ደግ ነው። ታናሹም ደግ ነው። ሚስቶቻቸው ትሑታን ናቸው። መሬቱን የሚያካፍሏቸው ሽማግሌ ደግሞ ክንፍ ብቻ ነው የቀራቸው። አንድ ቀን ምላሴን መያዝ አቃተኝና፣ «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚጣሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ፋሲካ እስኪያልፍ ድረስም ሌላ ቤት አስተየቡ።

የነካሁት ቁስላቸውን እንደነበረ ኋላ ነው የገባኝ። ታርቀን ሻይ ስንጠጣ ራሳቸው ነገሩኝ። በሕይወት ያለ ሰው ሊጽፉ ብዕር ሲያነሱ እጃቸው ሳያዙት ሟች ያደርገዋል። አንድ ክፉ ነገር ሊያናግሩት ሲሞክሩ እድርተኛው ሁሉ ከኋላቸው ቆሞ የሚሰማቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ይሰርዙታል፤ ከዚያም ያ ሰው በደግነቱ እንደታሰረ ምዕራፉ ላይ ይቀራል።

«ቅኔ ቤት ብቆይ ኖሮ እንዲህ አልሆንም ነበር» ይሉኛል ሁልጊዜ ወሬው እዚህ ሲደርስ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። ጎትተው ያወጧቸው ታላቅ እኅታቸው እማማ ወርቄ ናቸው። «እሷ ናት የቆረጠችኝ» ይላሉ። እንዴት እንደቆረጧቸው ግን ተናግረው አያውቁም፤ ለእኅታቸውም አንድ ቀን እንኳ አንስተውላቸው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የባሰ መጣ። በአንድ ቀን ሁለት ቀብር ሆነ፤ ከሰዓት በፊት የአንድ ልብስ ሰፊ፣ ከሰዓት በኋላ የአንድ ገበሬ። መምህር ሁለቱንም ወረቀት ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ሄዱ። የልብስ ሰፊው ቀብር ላይ የሟቹንና የወላጆቹን ስም እንደ ልማዳቸው ሕዝቡን እያዩ በቃላቸው ጠሩና ወረቀቱን ዘርግተው ማንበብ ቀጠሉ። የገበሬው ነበር። ያወቁት የልጆቹ ቁጥር ጋ ሲደርሱ ነው፤ «የሦስት ወንዶችና…» ሲሉ ዓይናቸው ሬሳው አጠገብ በቆመው የልብስ ሰፊው አንድ ልጅ ላይ ዐረፈ። አሳሉና እንደምንም «የአንድ ወንድ ልጅ አባት» ብለው ጨረሱት። ማንም ልብ አላለም። ሕዝቡ እንደ ወትሮው አለቀሰ። ሚስቱ ሐዘኗን ይዛ ቀርባ፣ «መምህር፣ ልክ እሱን ነው የተናገሩት» አለቻቸው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ስጦታ፣ የሌላ ሰው አነበብኩበት» አሉኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት።

«ልክ እሱን ነው አለችኝ» አሉ ደግመው። «አብራው የኖረችውን ባል እኮ ነው። ማንም ላይ ባነበው ኖሮ ልክ ይሆን ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ብዕር አልጨብጥም አሉ። ሟቹንም ልብ ወለዱንም አንድ ላይ ተዉት። የባሰ ያሳዘናቸው ደግሞ ከተማው ምንም አለማጣቱ ነው፤ ሰው ሲሞትበት እኔ ዘንድ ይመጣል፣ እኔ ስም እለውጣለሁ፣ አንድ ዘመድ ያነበዋል፣ ሕዝቡ ያለቅሳል። መምህር ቤቴ ጥግ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህን ያዩ ነበር። አንዳንድ ቀን አንድ ነጭ ወረቀት ይጠይቁኝና ጭናቸው ላይ አድርገው ሲያዩት ይውላሉ። ማታ እንዳለ ይመልሱልኛል፤ እኔም መልሼ ማሽኑ ውስጥ እከተዋለሁ። አንጀቴን ይበሉኝ ነበር፤ ደግሞ ያናድዱኝ ነበር።

እንዲህ ባሉበት ነው እማማ ወርቄ ከዳባት የመጡት። እማማ ወርቄን ያላየ ሰው መጀመሪያ ድምፃቸውን ይሰማል። አንገታቸው ላይ ለብዙ ዓመት የኖረ ትልቅ እንቅርት አለ፤ ድምፃቸውን ግን አልቀነሰውም። ዳባት ውስጥ ከእሳቸው ያልተጣላ ጎረቤት ቢኖር አዲስ ገቢ ነው። ከሚኒባስ ወርደው መንገዱን ተሻግረው እስኪገቡ ድረስ ረዳቱን ሲሰድቡ ሰማናቸው።

«አሻግሬ፣ የሕይወት ታሪኬን ጻፍልኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ?»

«ምንም አልሆንሁም። ሰኞ ጎንደር ገብቼ ይችን ላስወጣት ነው።» አንገታቸውን ነካ አደረጉ። «መንገዱ ተዘጋ እየተባለ ስንት ጊዜ ቀጠሮዬ ተላለፈ፤ አሁን ሊቆርጡልኝ ነው። ዶክተሩ ላትነቂ ትችያለሽ አላለኝም፤ ፊቱ ግን ብሎኛል። ብትነቂም ድምፅሽ ሊሄድ ይችላል አለኝ።»

«ሟርት አትናገሪ። የሕይወት ታሪክ ለሞተ ሰው ነው የሚጻፈው።»

«ሞቼማ በምን ጆሮዬ ልሰማው? ያን ሁሉ ሰው አሞግሰህ ቀብረሃል። እኔን ምን ብለህ እንደምትቀብረኝ በቁሜ ልስማው እንጂ።»

«ትቼዋለሁ እትዬ። አልጽፍም።»

«ለእኔ ትጽፋለህ» አሉና አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሊነሡ እንዳላሰቡ ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል። መምህር ጥቂት ታገሉ፤ ደንበኛ ገባ፣ ደንበኛ ወጣ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። ቅዳሜ ዳባት ድረስ መጥተው ሊያነቡላቸው ቃል ገቡ።

እውነቱን ልናገር፤ መምህር አልጻፉትም። እኔ ያንኑ ያስቀመጥኩትን ከፈትኩ፣ ስም ለወጥኩ፣ እሳቸው እንደ ወትሮው ከጀርባዬ ቆመው አንድ ሁለት ቃል ጨመሩበት። ቅዳሜ ዕለት፣ «አብረሽኝ ሂጂ፤ ብቻዬን አልችላትም» አሉኝና ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

እማማ ወርቄ ቤታቸውን አስጠርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ሠርግ ታዳሚ ተቀምጠው ጠበቁን። ሊያሳክማቸው ከጎንደር የመጣው ልጃቸው ቻላቸው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ነገሩ አልጣመውም። መምህር ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «…ወይዘሮ ወርቄ በትሕትናቸውና በአንደበታቸው ቁጥብነት የተመሰገኑ…» ሲሉ እኔ ሳል ያዘኝ። ቻላቸው ወደ ውጭ ዞረ። «…ታናሽ ወንድማቸውን በፍቅር አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ…»

እማማ ወርቄ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ እስቲ። ይች ሴትዮ የዳባት ናት?»

«እትዬ…»

«አላውቃትም እኮ። ለቅሶዋም ላይ አልሄድ። ይልቅ የኔታ ፊት ተንበርክኬ የዋሸሁትስ? የት ደረሰ?»

መምህር ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አወረዱት።

«እሱን እንዴት ልጻፈው?»

«እንደሆነው።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት አይደል እንዴ የዋሸሁት?»

መምህር ወረቀቱን በእጃቸው ጨመደዱት። እኔ እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ ስንረብሽ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገውብን አያውቁም። «ልጻፈው? እሺ ልጻፈው!» አሉ። «ቅኔ መቁጠር በጀመርኩ ማግስት ነው የጎተትሽኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ጀምሬ መጨረስ ያቃተኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ስጽፍም ስተውም የማስበው አንቺን ነው።»

«በእኔ ነው እንዴ?»

«አዎ፤ በአንቺ ነው።»

ቻላቸው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እናቱ በዓይናቸው ዝም አሰኙት። ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኹም። ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩና፣ «ይኸው። ይህን ጻፈው። ሰኞ ማለዳ ከመሳፈሬ በፊት አንብብልኝ» አሉ። ከዚያ ምሳ እንዲቀርብ አዘዙ፤ በላን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መምህር ቤቴን አስከፈቱኝ። ወረቀት ሰጠኋቸውና ጥጋቸው ተቀመጡ። መጀመሪያ እንደለመደባቸው አዩት። ቀጥሎ ጻፉ፣ ሰረዙ፣ እንደገና ጻፉ። «ክፉ ናት ብዬ ልጽፍ አቃተኝ» አሉኝ ቀና ብለው። «ደግ ናት ማለቱም አቃተኝ።» ትንሽ ቆይተው ሁለቱንም ተዉትና እኅታቸው ያደረጉትን ብቻ ይጽፉ ጀመር። ከዚያማ ብዕሩ አልቆመም። አንዴ ብቻቸውን ሳቁ፤ አንዴ ኮታቸውን አወለቁ። አንዴ ደግሞ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ፤ እንዳላየ ሆኜ ማሽኑን አጸዳሁ። ስተይበው ከባድ ሆነብኝ፤ አንድም ቃል በልማድ የምጨርሰው አልነበረውም።

ሰኞ ማለዳ ዳባት መናኸሪያ ስንደርስ እማማ ወርቄ ከፊት ወንበር ተሳፍረዋል። መኪናው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ረዳቱ «ጎንደር፣ ጎንደር» እያለ ይጣራል። መምህር በተከፈተው በር አጠገብ ቆሙና ማንበብ ጀመሩ።

«ወይዘሮ ወርቄ ከራሳቸው በፊት ድምፃቸው የሚደርስ ሴት ናቸው። እናታችን ስትሞት እኔ ጡት አልተውኩም፤ እሳቸውም ልጅ ነበሩ። አዝለው አሳደጉኝ። በያዙት ነገርም ገረፉኝ። አባታችን ቅኔ ቤት ሰደደኝ፤ እኔም ወደድኩት። የኔታ የመጀመሪያዋን ቅኔዬን ሰምተው ‹ይበል› ባሉኝ ሰሞን ወርቄ የአንድ ቀን መንገድ በእግራቸው መጥተው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ‹አባታችን ሊሞት ነው፤ ልጁን ሳያይ አይሙት› ብለው አለቀሱ። የኔታም አብረው አልቅሰው አሰናበቱኝ። እኔ መንገዱን ሁሉ ለአባቴ እያለቀስኩ መጣሁ። ሰፈራችን ስንደርስ አባቴ በሬዎቹን እየሰደበ ያርስ ነበር።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ረዳቱ መጣራቱን ትቶ ተጠጋ።

«አባታችን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። እኔም አባቴ ስላልሞተ የኔታ ፊት መመለስ አፈርኩ፤ ሰው አባቱ በመዳኑ እንዴት ያፍራል? እኔ አፍሬያለሁ። ወርቄ የእናታችንን ድሪ ሸጠው ጫማ ገዙልኝና ትምህርት ቤት አስገቡኝ። በዚያ ጫማ እየሄድኩ ጠላኋቸው። ይህን እስከ ቅዳሜ ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ግን ጎንደር ሊሄዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ። ካለ እሳቸው የሚቆጣኝ ሰው የለኝም።»

መምህር እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረና ቆሙ። በቀብር ላይ አንድም ቀን ተሰብሮባቸው አያውቅም።

«ውሻውን ዘለልኸው» አሉ እማማ ወርቄ።

«የቱን ውሻ?»

«ቁራሽ ልትለምን ወጥተህ የነከሰህን ነዋ። ለፋሲካ መጥተህ ባትህን በደበሎህ ሸፍነህ ትቀመጥ ነበር። ሳጥብህ አየሁት፤ ሥጋው ተቦጭቋል። ‹ምንም አይደል፤ የኔታ ይበል ይሉኛል› አልኸኝ። ሸኝቼህ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

መምህር ጎንበስ ብለው የሱሪያቸውን እግር ሰበሰቡ። ያ ሁሉ ተሳፋሪ እያየ የገዛ ባታቸውን እንደ ሌላ ሰው ባት አዩት። ጠባሳው እዚያው ነው።

«ትምህርት ቤት ልታስገቢኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ትምህርት ቤቱ ኋላ የመጣ ነው። ውሻ በልቶህ እንዳትቀር ነው የመጣሁት። ቅኔህን አላሰብሁትም። አሁንም ቢሆን አወጣህ ነበር።»

ይቅርታ አልጠየቁም። መምህርም የጠበቁ አይመስለኝም። ሱሪያቸውን መልሰው ብዕር አወጡና ወረቀቱን የመኪናው በር ላይ አስደግፈው ውሻውን ጻፉት። እማማ ወርቄ አንገታቸውን አስግገው መጻፋቸውን አረጋገጡ።

«ደህና። መጨረሻውስ?»

«የለውም።»

«ምነው?»

«አላለቀማ።»

እማማ ወርቄ ይህን ትንሽ አሰቡበት። «እንግዲያ ስመጣ ትጨርስልኛለህ» አሉ። መኪናው ሞልቶ ነበር፤ ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ቀዶ ሕክምናው በነጋታው ነው የተባለው። መምህር ከጠዋት ጀምሮ እኔ ቤት ነበሩ፤ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደዚያ ነጭ ወረቀት ሲያዩት ዋሉ። ስልኩ ሲጮኽ ማንሣት አቃታቸውና ለእኔ ሰጡኝ። ቻላቸው ነው።

«ወጥታለች። ነቅታለች» አለኝ።

«ድምፃቸውስ?»

«ቀጥኗል። ግን ወጥቷል።»

«ምን አሉ?»

«ዶክተሩን ሰደበችው።»

ለመምህር ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የገባው ሰውዬ ግራ ገብቶት፣ «ማን ሞተ?» አለ። «ማንም አልሞተ» አልኩት፤ እንዲህ ብዬ መመለስ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

መምህር አሁን ለሟቾችም ይጽፋሉ፤ ግን ልጆቹን የሚጠይቁት ተለውጧል። «አባታችሁ ሲቆጣ ምን ይል ነበር?» ይላሉ። መጀመሪያ ቅር ያለው ነበር። በኋላ ግን ቀብር ላይ ሰው እያለቀሰ መሐል ላይ ሲስቅ ታዩታላችሁ፤ ያ ሰውዬ ማን እንደነበር ትዝ ሲለው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የድሮውን አላጠፋሁትም፤ ሞት ሁልጊዜ ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱ ደጋግ ወንድማማቾች ግን ቀርተዋል። አዲሱ ምዕራፍ አንድ የሚጀምረው አንዲት ወጣት ሴት መሪጌታ ፊት ተንበርክካ ስትዋሽ ነው። ምዕራፍ ሁለትን ተይቤያለሁ። ምዕራፍ ሦስት ላይ አንድ ጠብ አለ፤ እውነተኛ ጠብ፤ ስተይብ በሁለቱም ተናደድኩ።

እማማ ወርቄ ሲመለሱ ልንቀበላቸው ዳባት መናኸሪያ ሄድን። ቻላቸው ደግፎ አወረዳቸው። አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ከስተዋል። የተጣሏቸው ጎረቤቶች ሁሉ መጥተው «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» ይሏቸዋል፤ እሳቸው መልስ ለመስጠት ድምፅ ስለሚያጥራቸው ጎረቤቱ እፎይ ብሏል። ወንድማቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መምህር ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ እኔም ተጠጋሁ።

«ጨረስኸው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ገና ነኝ፣ እትዬ።»

«ጎሽ» አሉና ዘንቢላቸውን አስያዟቸው።